አዳለጠኝ ያልኩበት ቀን

ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ቀኖናዬንም ጨርሻለሁ። ግን አባ ነገሩ በቅጡ የገባቸው አይመስለኝም። «ልጄ፣ ሰው መታሽ፤ ከዚያ ዋሸሽ፤ ይኸው ነው» አሉኝ። ይኸውማ ቢሆን በጀኝ ነበር። እናንተ ጊዜ ካላችሁ ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ካሰለቸኋችሁ ደግሞ የአሮጊት ወሬ ነው ብላችሁ እለፉት።

ጥሩነሽ እባላለሁ። ያደግሁት በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ነው። አባቴ ከመንዝ መጥቶ ጨርቅና ጨው የሚነግድ ሰው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ «ሴት ልጅ ደብዳቤ ማንበብ ከቻለች ይበቃታል» ብሎ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። ያኔ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበረ። ማሽኑን ሊተክሉ የመጡ ጃፓኖች ከነሚስቶቻቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። በአንዱ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ።

እመቤቲቱን ማዳም ፉሚ እንላት ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮሽ የማትል ሴት ናት። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አወጣች። ስትፈታው ከቁመቷ በጣም የሚበልጥ ዘንግ ሆኖ ተገኘ፤ ጫፉ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ጎበጥ ያለ ስለት ታስሮበታል። «ናጊናታ» አለችኝ። ኋላ ባሏ በአስተርጓሚ እንደነገረን፣ ድሮ ባገራቸው የጦር ሜዳ መሣሪያ ነበር፤ ባል ሲዘምት ቤት የምትጠብቅ ሴት ትማረው ጀመር። የድሮው ስለቱ ብረት ነው፤ የመለማመጃው ነው ቀርከሃ።

እኔን ለማስተማር ብላ እንዳይመስላችሁ። ናጊናታ ሙሉ ለሙሉ ብቻን አይለመድም፤ አንዷ ትመታለች፣ ሌላዋ ትመክታለች። ማዳም ፊት ለፊቷ የሚቆም ሰው አጥታ ነው። የፋብሪካው አናጢ ከባሕር ዛፍ ለእኔ አንድ ጠረበልኝ፤ እየጠረበ «እህቴ፣ ጃፓን ልትዘምቺ ነው ወይ?» እያለ ይስቅብኛል። እንዲህ ሆነና የምሳ ዕቃ ካጠብኩ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከጓሮ ተፋጠን ቆምን።

መጀመሪያ እጅ መንሳት ነው። ከዚያ በጎንሽ ትቆሚያለሽ፤ ደረትሽን አትሰጪም። እጆችሽን አራርቀሽ ዘንጉን ይዘሽ ጫፉን ወደ ባላጋራሽ ስታቀኚ «ቹዳን» ይባላል። ከራስ በላይ ካነሳሽው ጆዳን፣ ወደ መሬት ካወረድሽው ጌዳን ነው። የሚመታውም ቦታ የታወቀ ነው፤ ዝም ብሎ መደብደብ የለም። ራስ ሜን ነው፣ ጎን ዶ፣ የእጅ አንጓ ኮቴ፣ ቅልጥም ሱኔ። ኮቴ ስትለኝ የፈረስ ኮቴ ትዝ እያለኝ ስስቅ ትቆጣኝ ነበር። ስትመቺ የምትመቺውን ቦታ ስም ጮኸሽ መጥራት አለብሽ። ምቱና ጩኸቱ አብረው ካልወጡ ማዳም አትቆጥርልኝም። «እንደገና» ትለኛለች። ከምታውቃቸው አሥር የማይሞሉ የአማርኛ ቃላት አንዷ «እንደገና» ናት።

በአንቺና በባላጋራሽ መሃል ያለው ርቀት ደግሞ ማአይ ይባላል። አንድ እርምጃ ስትገቢ የምትደርሺበት፣ አንድ እርምጃ ስታፈገፍጊ የማይደርስብሽ። ይሄ እንኳ እግሬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ገበያ ላይ ሰው ሲጠጋኝ ሳላስበው አንድ እግሬ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እናቴ «ምን ሆነሽ ነው እንደ በቅሎ የምትደነብሪው» ትለኝ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ዛንሺን የሚሉት ነው። መትተሽ ስትጨርሺ ፊትሽን አታዞሪም። ጫፉን እንዳቀናሽ፣ ዓይንሽን ሳትነቅይ ትቆያለሽ። እኔ ደግሞ መትቼ ዞር ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝና «መታሁ፣ አለቀ፤ ምን ቀረኝ?» አልኳት። ዘንጓን አስቀምጣ ቃል ፈለገች።

«መታሽ፣ አለቀ፣ አይደለም» አለች። «መታሽ፣ ጀመረ።»

አልገባኝም። እሺ ብዬ ወደ ልብሴ አጠባ ሄድኩ።

ማዳም ወደ አገሯ በተመለሰችበት ዓመት ግርማን አገባሁ። የፋብሪካው መካኒክ ነበር፤ ቤተሰቡ ሱሉልታ ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚያርሱ ኦሮሞ ክርስቲያኖች ናቸው። አባቱ ሲሞቱ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ከቶሎሳ ጋር ልንኖር ወደዚያ ገባን። አማቴን አዮ እላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ እኔም ዓመት ሳይሞላኝ እንደዚያው ሆንኩ።

የአዮ ሲንቄ ከመኝታቸው በላይ ግድግዳው ላይ ነበረች። ሲንቄን ለማታውቁ፣ የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ዘንግ ናት። ወንዶች ሲጣሉ ያገባች ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃላቸው ከቆመች ጠቡ እዚያው ይቆማል። እሷን አልፎ የሚማታ የለም። እሷም ማንንም አትመታም። ይህን ሲነግሩኝ በልቤ፣ ይህቺ ጭራሮ ናት የተቆጣ ወንድ የምታቆመው? አልኩ። የኔ እናት የመንዝ ሰው ናት፤ ሲንቄም አልሰጠችኝም፣ የሲንቄን እምነትም አልሰጠችኝም።

አንድ ቀን ከጓሮ በመጥረጊያ እንጨት ስለማመድ አዮ ደረሱብኝ።

«ይሄ ምንድነው የምትሠሪው?»

«ጃፓኗ ያስተማረችኝ ነው፣ አዮ። የሴት ዱላ ነው።»

«የሴት ዱላማ እኔም ጋ አለ» አሉ። «ያንቺዋ ትመታለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የወንድ ነው» ብለው የወተት ዕቃቸውን ይዘው ገቡ። እኔ ለራሴ ሳቅሁ።

ጠቡ የመጣው በምንጭ ነው። ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ፣ ዝምተኛ፣ ባለ አራት ልጅ ገበሬ፣ ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት ወሰናችን ላይ ካለች ትንሽ ምንጭ ነበር። ቶሎሳ ከጥቂት ዓመታት በፊት ምንጯ ዳር ባሕር ዛፍ ተክሏል። ባሕር ዛፍ ውኃ እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። ያን ዓመት ምንጯ ደረቀች። ኦቦ ደበላ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ ቶሎሳ ሦስቴም «በመሬቴ ላይ ነው የተከልኩት» ብሎ መለሰ። እውነቱን ልናገርና፣ ጥፋቱ የእኛ ነበር።

እሑድ ቀን ነው፣ ታኅሣሥ ውስጥ። ግርማ አዲስ አበባ ለቅሶ ሄዷል። እኔ ምሳ እያሰናዳሁ ከወደ ምንጩ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። አዮም ሰሙ።

«ደበላ ዛፉን እየጣለው ነው» አሉ። «ቶሎሳስ?»

ቶሎሳ ዱላውን ይዞ ሲወጣ በበሩ አይቼዋለሁ። ስነግራቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ያን በጋ ጉልበታቸው ታሞ ከደጅ አልፈው አያውቁም። ግድግዳውን ተደግፈው ሲንቄዋን አወረዱና ዘረጉልኝ።

«ሩጪ። መሃላቸው ገብተሽ አቁሚያት።»

«እኔ? እኔ እኮ ሲንቄ የለኝም፣ አዮ። እናቴ አልሰጠችኝም።»

«እኔስ እናትሽ አይደለሁም? ይኸው ሰጠሁሽ።» ልቀበላቸው ስል ዘንጓን አጥብቀው ያዙብኝ። «አቁሚያት ብቻ። እንዳታነሻት። ሰምተሽኛል? መሬት ላይ አቁሚያት ብቻ።»

ሮጥኩ። ሌሎች ሴቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው እልል እያሉ ከየቤቱ ሲወጡ በሩቁ አያለሁ፤ ወጣቷ እኔ ነኝና ቀደምኳቸው። ስደርስ ቶሎሳ ዱላውን ኦቦ ደበላ ትከሻ ላይ አሳርፏል። ኦቦ ደበላ መጥረቢያውን ከራሳቸው በላይ አንስተዋል። ቶሎሳ ሲያፈገፍግ የተጣለው ግንድ ጠለፈውና በጀርባው ወደቀ። ያ መጥረቢያ ከወረደ የባሌ ወንድም አለቀለት።

መሃላቸው ገባሁ። ሲንቄዋን በሁለት እጄ ይዤ መሬት ላይ አቆምኳት። እስከዚህ ድረስ የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ፤ ይህንን ማንም አይነፍገኝም።

ከዚያ እግሬ የራሱን ሥራ ጀመረ። ኦቦ ደበላ በጣም ቀርበውኝ ነበር። አንድ እግሬ ወደ ኋላ ሄደ፣ በጎኔ ቆምኩ፤ እጆቼ ዘንጓ ላይ ተራራቁ፤ ሲንቄዋ ከመሬት ተነስታ ጫፏ ወደ እሳቸው ቀና። ማዳም ፉሚ ሁልጊዜ ዓይኖቿን በጣቷ እያሳየች «እዚህ እይ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ፊታቸውን አላየሁም። ያየሁት ከእጅጌያቸው የወጣውን፣ መጥረቢያ የያዘውን የቀኝ እጅ አንጓ ነው። አንጓው ተንቀሳቀሰ።

«ኮቴ!»

ምቱና ጩኸቱ አብረው ወጡ። ማዳም ብትኖር ትቆጥርልኝ ነበር። ሲንቄ ቀጭን ናት፤ ግን ያቺ እንጨት ስንት ዓመት ቅቤ ጠጥታ ጠንክራለች። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። መጥረቢያው ወደቀ፤ የወደቀው ግን ቶሎሳ ወዳለበት ወደ ፊት አልነበረም። ከኦቦ ደበላ እግር አጠገብ፣ በጎናቸው፣ ልክ ሰው በእጁ ይዞት የቆየውን ዕቃ እንደሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።

ኦቦ ደበላ አልጮሁም። እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደገፉና አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ግራ ነው የገባቸው።

«ሲንቄዋን አይቼ ቆሜ ነበር እኮ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እያወረድኩት ነበር።»

ከኋላዬ ይመጣ የነበረው እልልታ ተቋረጠ። ሴቶቹ ደርሰው ቆመዋል። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ወጌሻ ተጠርቶ የኦቦ ደበላን እጅ አሰረ። ቶሎሳ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። እኔ ግን፣ ላትወዱኝ ትችላላችሁ፣ እስከ ማታ ድረስ ልቤ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች። ሰው አድኛለሁ እያልኩ ነበር። «እያወረድኩት ነበር» ያሉትን ቃል ማመን አልፈለግሁም። ሲነጋጋ ግን መጥረቢያው የወደቀበት ቦታ ትዝ አለኝ። ለመምታት የተነሳ መጥረቢያ እዚያ አይወድቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የአካባቢው ሴቶች መንደሩ ዳር ካለው የጽድ ዛፍ ሥር እንዲሰበሰቡ ተባለ። ከዚያ በፊት አዮ አስጠሩኝ። ሲንቄዋ ጉልበታቸው ላይ ተጋድማለች።

«በሷ መታሽ?»

«መታሁ፣ አዮ።»

«አውቀሽ?»

«እጄ ነው ያወቀው። እኔ እንጃ።»

ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሷን ይዤ ስንት ጠብ መሃል ገብቻለሁ» አሉ። «አንዱ የባልሽ አባት ጠብ ነው። ወንዶቹ ዱላዋን ፈርተው የሚቆሙ መሰለሽ? እንደማትመታ ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ መታች ከተባለ፣ ነገ ሴት መሃል ስትገባ ወንዱ ቀድሞ ይመታታል። መጥረቢያ እንደገና ሲነሳ ማን ይቆምልናል?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አዳለጠኝ ትያለሽ።»

«ልዋሽ?»

«ውሸቱ የኔ ነው። አንቺ ተሸክመሽልኝ ሂጂ።»

ጽዱ ሥር ሴቶቹ ሲንቄያቸውን መሬት ላይ አቁመው ቆመዋል። ኦቦ ደበላ እጃቸው ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስታቸው ከኋላቸው ቆማለች። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት አዴ ደምቱ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እጅሽ ነው የመታው ወይስ እግርሽ ነው ያዳለጠሽ?»

አዮን በዓይኔ ፈለግሁ፤ በቅሎ ላይ ጭነው አምጥተዋቸው ከዳር ተቀምጠዋል። መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

«አዳለጠኝ» አልኩ።

«የጮህሽውስ? ኮቴ ነው ምናምን ያልሽው?»

«ስደነግጥ የወጣኝ ነው።»

አዴ ደምቱ ወደ ኦቦ ደበላ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

እኔ በቃ አለቀልኝ አልኩ። አንድ ቃል ቢናገሩ እውነታቸው ነው፤ እጁም የተሰበረው የሳቸው፣ ምንጩም የደረቀው የሳቸው። ኦቦ ደበላ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ አዮን። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሴት እጅ የቆሙትን ዘንጎች አንድ በአንድ አዩ። የራሳቸው ሚስት ሲንቄም ከመሃል አለች።

«ምንጩ ዳር ጭቃ ነው» አሉ። «ያዳልጣል።»

ጭቃ ቢኖርማ ጠቡ ከየት ይመጣ ነበር? ምንጩ ከደረቀ ወራት ሆኖታል፤ ያለው አቧራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ጽድ ሥር አልነበረም። አዴ ደምቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እንግዲህ ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው» አሉ፣ ሴቶቹም መረቁና ተበተኑ።

ቶሎሳ በዚያው ሳምንት የቀሩትን ዛፎች ማንም ሳያዘው ቆርጦ ጣላቸው። ምንጯ በሁለተኛው ክረምት ተመለሰች። የኦቦ ደበላ እጅ ግን አልተመለሰም። አንጓው ጠማማ ሆኖ ገጠመ፤ ሁለት ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ፤ ሞፈርና ቀንበሩ እንደ በፊቱ አልታዘዝ አላቸው። ግርማና ቶሎሳ በየዓመቱ የሳቸውን ማሳ ቀድመው ያርሱ ነበር። አዮ ሲንቄያቸውን ግድግዳው ላይ መለሷት፤ እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው አልነካትም። እኔንም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ «ውሰጃት» ግን አላሉኝም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከማዶ ባለው ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች በርስት ጦር ተማዘዙ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃላቸው ቆመች። ቆሙ። ወሬው ሲደርሰን አዮ እያዳመጡ ነበር፤ እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ያን ጊዜ ውሸታችን ሥራ እንደሠራ አወቅሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ገብቼ አለቀስኩ።

እናንተ ምን ትላላችሁ? አባ ንስሐ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ግን ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው ይቅርታ እንዳይጠየቅ ሲከለክልስ? አንድ ቀን ምንጯ ጋ ብቻቸውን አግኝቻቸው «ኦቦ ደበላ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ዲሲ» አሉኝ። ተይው ማለታቸው ነው። «ጭቃ ነበር» ብለው ከብቶቻቸውን ነዱ። ግርማም ነገሩ ሲከብደኝ አይቶ ቡራዩ ወዳሉት ዘመዶቹ እንሂድ፣ ሥራም አገኛለሁ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። መዞርማ አንዴ ዞሬያለሁ።

ማዳም ፉሚ ያን ቀን በጓሮ የነገረችኝ የገባኝ እንዲህ ሆኖ ነው። መትቶ ዓይን አለመንቀል መልሶ እንዳይመታኝ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ኦቦ ደበላ አልመቱኝም። ያደርጉ የነበረው ሌላ ነው።

ዘወትር ቅዳሜ ገበያ ላይ እንገናኝ ነበር። «አካም ጅርታ፣ ጥሩነሽ» ይሉኛል። ቀኛቸው አይጨብጥም፤ ግራቸውን ይዘረጉና፣ በግራ ሰላም ማለት ነውር ስለሆነ፣ ጎንበስ ብለው «ይቅርታ፣ ግራዬን ነው» ይላሉ። እኔም እጃቸውን እይዝና «ግድ የለም» እላለሁ። እስኪሞቱ ድረስ፣ ይቅርታ የሚሉት እሳቸው፣ ግድ የለም የምለው እኔ ነበርኩ።